ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ጋራዥ

ከወልድያ እስከ ሰቆጣ ባለው አገር እንደ እኔ ያለ አናጺ አልተወለደም። ይህን የምለው ልመካባችሁ አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራውን እንድታምኑኝ ነው። እኔ ምንይችል የሠራሁት በር ሲዘጋ ድምፅ አያሰማም፤ ሲከፈትም የባለቤቱን ኮቴ ለይቶ ነው። የታወቅሁት ግን በሥዕል ሣጥን ነው። የጊዮርጊስን፣ የማርያምን ሥዕል ሌላው ይስላል፤ እኔ ቤቱን እሠራለታለሁ። ፊት ለፊት ሁለት ተካፋች በር፣ ከበሩ ኋላ ቀይ የከፋይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ መስታወት። እስካሁን ሦስት ሺህ ሠርቻለሁ። ሚስቴ ማርያማዊት «ሦስት መቶም አይሞላ» ትላለች፤ እሷ ቁጥር ስትማር እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

በመስከረም መጨረሻ ጋሽ አረጋ አንድ ካርቶን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ሱቄ ገቡ። ጋሽ አረጋ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው፣ አውሮፕላኑም አስፋልቱም እንዲህ ሳይለመድ፣ ፈረንጅ በላንድሮቨር ጭነው በኩልመስክ በኩል እያመጡ ላሊበላ ያራግፉ ነበር። ሾፌር ነበሩ። ይህን የሚሉት ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው። የማኅበር ጓደኛቸው ጋሽ ሙሉሃብት፣ የጥንት የሆቴል ዘበኛ፣ የሚያወሩት ሌላ ነው።

«አረጋ?» ይላሉ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ። «አረጋ እኮ ረዳት ነበር! ዳገት ላይ ዘሎ ይወርድና ጎማ ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። ከመኪናው ይልቅ ድንጋዩን ነው የሚያውቀው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ይባላል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ይሳቃል። ጋሽ አረጋ ምን ያድርጉ? የመኪናው ባለቤት ሞቷል። የተሳፈሩት አገራቸው ገብተዋል። መንጃ ፈቃዳቸውን አይጥ በልቶታል። «ያልነበረ ወረቀት አይጥ ምን ብሎ ይበላዋል?» ብለው ጋሽ ሙሉሃብት በዚህም አስቀዋል።

ጋሽ አረጋ ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፈው ከፈቱት። እኔ ብዙ ነገር ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን መሮዬ ከእጄ ወደቀ። ላንድሮቨር ናት፤ ርዝመቷ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። መሪዋን በጥፍር ሲነኩት ጎማዋ ይዞራል። የዝናብ መጥረጊያዋ ከቅንድብ ፀጉር ይቀጥናል። ጣሪያዋ ላይ ጀሪካን፣ ጀሪካኑ ላይ ክዳን አለ። ክዳኑን ባሸተው ቤንዚን ቤንዚን ብሎኛል፤ የማያምን ካለ አፍንጫው ነው የሚያንሰው። የኋላ መከላከያዋ ላይ ድሮ በቅሎ የረገጠቻት ስርጉድ ሳትቀር ተሠርታለች። መሪው ላይ ደግሞ አውራ ጣት የማይሞላ ሰው፣ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አረጋ።

የላከላቸው ክላውስ የሚባል ድሮ ያመላለሱት ጀርመን ነው። ጡረታ ሲወጣ ያን ጊዜ ያነሳውን ፎቶግራፍ ፊቱ ሰቅሎ ሁለት ዓመት በእጁ ሲሠራት ኖሮ፣ ለአንድ አስጎብኚ ሰጥቶ ላካት።

«ቤት ሥራልኝ» አሉኝ። «የገባ ሁሉ ይነካካታል። ሚስቴ ውባንቺ አቧራ ስጠርግ ብላ አንድ መስታወቷን ነቅላ በሙጫ ነው የመለስነው። አቧራ የማያስገባ፣ እጅ የማያስደርስ፣ ደግሞ የሚያስከብር አድርገህ ሥራልኝ። ለጥቅምት ጊዮርጊስ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። አሥራ ሁለት ነን፤ ዘንድሮ ካመለጠኝ ጽዋው ዞሮ እኔ ዘንድ የሚመለሰው በዓመቱ ነው። በሰባ ስድስት ዓመት ላይ ደግሞ ከርሞን ማን ያውቃል? ሙሉሃብት በማኅበሩ ፊት በዓይኑ ይያት። ሾፌር ሳልባል አልሞትም።»

ሌላ አናጺ ቢሆን አራት መስታወት በሙጫ አጣብቆ «ይኸውልዎ» ይል ነበር። እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝ። እኛ አገር ቤት ተገጣጥሞ አይቆምም፤ ይፈለፈላል። ሁለት ሰው አቅፎ የማይጨርሰው የዋንዛ ግንድ አስመጣሁና (ማርያማዊት ጉልቻ ያህል ነበር ትላለች) ከላይ ጀምሬ ወደ ውስጥ እበላው ጀመር። አንድ ሚስማር የለበት፣ አንድ መጋጠሚያ የለበት። ንጉሥ ላሊበላን መላእክት ያግዙት ነበር ይባላል፤ እኔን ያገዘኝ የለም፣ ይባስ ብላ ማርያማዊት ፍቅፋቂዬን ለእሳት ማቀጣጠያ ትወስድብኝ ነበር። ንጉሡ ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀበት፤ እኔ በሃያ ሦስት ቀን ጨረስኩ። እርግጥ የእኔው ትንሽ አነስ ይላል።

መኪናዋን ላስገባት ስል ጎንና ጎኗ ተያዘ። ለካ ስለካት ገላዋን እንጂ ጆሮዋን፣ እነዚያን የጎን መስታወቶቿን፣ አልለካሁም። በሁለቱም ግድግዳ ላይ በጠባቧ መሮ ቦይ አወጣሁላቸው። አሁን ያየው ሁሉ ሆን ብሎ የተሠራ ጌጥ ይመስለዋል፤ እኔም አልከለከልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እጄ ነው የሠራው፤ እኔ የለሁበትም። ሠላሳ ዓመት ያንኑ ሲሠራ የኖረ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? መስታወቱን አስገባ፣ ቀይ ከፋዩን ሰቀለ፣ ሁለት ተካፋች በር በማጠፊያ አሰረ፣ ዙሪያውን ሐረግ ፈለፈለ። በመጨረሻም ቀና ስል አናቱ ላይ መስቀል ቆሟል።

«ለመኪና መስቀል?» አለች ማርያማዊት።

«መንገዱ አደገኛ ነው» አልኳት።

በበዓሉ ቀን ጠዋት ቫርኒሹ በቅጡ ሳይደርቅ ተሸክሜ ወሰድኩላቸው። ጋሽ አረጋ ሲያዩት በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉ። መጋረጃውን በተለይ ወደዱት። «ማኅበሩ በልቶ ከጠጣ በኋላ እንደ ሙሽራ እገልጣታለሁ» አሉ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ጥሩ አድርጎ የሚያርፍበትን ግድግዳ መርጠን ሰቀልነው። ግድግዳው የምሥራቁ መሆኑን ማንም ልብ አላለም። ሥዕል የሚሰቀለውም፣ ሰው ዞሮ የሚጸልየውም ወደ ምሥራቅ መሆኑን ልብ ያለ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

መጀመሪያ የገቡት ሁለት የማኅበሩ እናቶች ናቸው። ደፉን አልፈው ሣጥኑን ሲያዩ ነጠላቸውን አጣፉ፣ አማተቡ፣ ጠጋ ብለውም በሩን ሳሙት። ጋሽ አረጋ ዳቦ እንደያዙ ቀሩ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ነገር ግን ለሳመች እናት «የሳምሽው ጋራዥ ነው» ማለት እንዴት ይጀመራል? ስናስብ ሦስት ሰው ገባ፤ ሦስቱም ሳሙ። ቀጥሎ ጋሽ ሙሉሃብት ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። እርሳቸው ሁለቱንም በር፣ ደፉንም ስመው፣ ከዚያ ደግሞ ግንባራቸውን አስነክተው ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ።

ልናገር ብዬ ብድግ ስል ጋሽ አረጋ እጀ ጠባቤን ያዙኝ። «ተወው!» አሉኝ በሹክሹክታ። ዓይናቸው ይስቅ ነበር። «ሃያ ዓመት አልነዳሃትም ያለኝን መኪና ይሳማት!»

ሳቃቸው ግን አልቆየም፤ ቄስ ምስጋኑ ገቡ። የማኅበሩም የእኔም የንስሐ አባት ናቸው። መስቀላቸውን አውጥተው በቀጥታ ወደ ሣጥኑ አመሩ። ሮጬ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባ፣ አንድ ጊዜ...»

«እግዚአብሔር ይባርክህ» ብለው በመስቀላቸው አፌን ዘጉኝ። ሦስት ጊዜ ሰገዱ፣ ሣጥኑን ተሳለሙ፣ ሐረጉንም በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይህስ የምንይችል እጅ ነው» አሉ። ሥራዬ በዓለም ሁሉ እንደሚታወቅ የነገርኳችሁ ለዚህ ነው፤ ያን ቀን ግን ባይታወቅልኝ ምርጫዬ ነበር።

ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ቄስ ምስጋኑ ዋንጫቸውን አስቀመጡና «አረጋ፣» አሉ፣ «እንግዲህ ገልጠህ አሳየን። የማን ሥዕል ነው?»

ጋሽ አረጋ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ገና ሥዕሉ አልመጣም» ቢሉ ነገሩ በሰላም ያልቃል፤ ግን ጽዋው ዛሬ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እርሳቸውም ረዳት ሆነው ይከርማሉ። ቢገልጡት ደግሞ ካህኑን በመንጋቸው ፊት ለላንድሮቨር ያሰገዱ ሰው ይባላሉ።

ከዚያ ጋሽ ሙሉሃብት ጣልቃ ገቡ። «ምን ትፈራለህ? አንተማ በር ለመክፈት ነው የተፈጠርከው፤ ድሮም ለሾፌሩ በር ትከፍት ነበር!»

ሰው ሳቀ። ጋሽ አረጋ ብድግ ብለው ሄዱና ሁለቱን በር በረገዱት፣ መጋረጃውንም በአንድ እጃቸው ሳቡት።

ቀይ ከፋይ ተገልጦ አረንጓዴ ላንድሮቨር ብቅ አለች። ሾፌሩ ደረቱን ነፍቶ ማኅበሩን ያያል።

መጀመሪያ የፈነዱት ጋሽ ሙሉሃብት ናቸው። «አባ! ላንድሮቨር ነው እኮ የተሳለሙት!»

«አንተስ?» አለች ውባንቺ ከጓዳ በር ሆና።

«እኔማ አባን አይቼ ነው!»

«እሳቸው ሳይመጡ?»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ቄስ ምስጋኑን ያያል። እርሳቸው ጺማቸውን አንድ ጊዜ ወደ ታች ሳቡት፣ ሁለተኛ ሳቡት፣ ተነሥተው ወደ ሣጥኑ ተጠጉና መኪናዋን ከመብራቷ እስከ መከላከያዋ መረመሩ።

«እና?» አሉ ዞር ብለው። «ሳላውቅ የተሳለምኩ መሰላችሁ?»

«አባ?» አሉ ጋሽ ሙሉሃብት።

«ዲያቆን ሳለሁ፣ በክረምት፣ ከአሸተን ማርያም ስወርድ አንሸራቶኝ እግሬ ተሰበረ። በቅሎ አይሄድበትም፣ ወንዙ ሞልቷል። ወልድያ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ ይህች መኪና ናት። እግዚአብሔር በምን እንደሚያድን እኛ አንመርጥለትም። ያዳነበትን ብሳለም ምን ነውር አለው?»

«መሪውን የያዘውስ ማን ነበር?» አልኩ እኔ። ይህን ጥያቄ በዚያች ቅጽበት የሚጠይቅ ጭንቅላት በላስታ አንድ ብቻ ነው ያለው።

ቄስ ምስጋኑ በዓይናቸው ወጉኝ። ወደ ኋላ መመለሻ ግን አልነበራቸውም። «አረጋ ነዋ!» አሉ። «ሌላ ማን ነበር?»

ጋሽ ሙሉሃብት ዓይናቸውን አጠበቡ። «የትኛው እግርዎ ነበር አባ?»

«ግራው።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ሁለቱም።»

ጋሽ አረጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ምንይችል፣ እኔ አባን ጭኛቸው አላውቅም።»

«ዝም ይበሉ ጋሼ። ተጭኛለሁ ካሉ ተጭነዋል።»

ጋሽ ሙሉሃብት ማጣፊያው አጠራቸው። «አረጋ አልነዳም» ማለት እንግዲህ «ካህኑ ዋሹ» ማለት ነው፤ ያውም በጊዮርጊስ ቀን፣ ያውም ዳቦውን በልተው። ዋንጫቸውን አንሥተው ባዶ መሆኑን አዩና አስቀመጡት። በመጨረሻ፣ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው፣ «እሺ፣» አሉ፣ «ያን የኩልመስክን ዳገት በስንተኛ ማርሽ ነበር የምትወጣው?»

ጋሽ አረጋ ለዚህ ጥያቄ ሃያ ዓመት ሲዘጋጁ ነው የኖሩት። መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ቀኝ እጃቸው አየሩ ላይ የማርሽ ዘንግ ጨበጠ።

«ከታች በሁለተኛ ትገባለህ» አሉ ቀስ ብለው። «መታጠፊያው ላይ ሞተሩ ያቃስታል። እንዲጮህ አትጠብቅም። ትረግጣለህ፣ ወደ አንደኛ ታወርዳለህ፣ ቶሎ አትለቅም... ቶሎ ከለቀቅህ ወደ ኋላ ትሄዳለህ፤ ኋላ ያለው ገደል ነው።»

እኔ አፋቸውን አላየሁም፤ እግራቸውን ነበር የማየው። ግራ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ይረግጣል፣ ይይዛል፣ በልክ በልኩ ይለቅቃል። ሰው በአፉ ሊዋሽ ይችላል፤ እኔ ራሴ ሁለት ሦስቴ ሳልሞክረው አልቀርም። እግር እንዲህ አድርጎ ሲዋሽ ግን አላየሁም። ጋሽ ሙሉሃብትም የሚያዩት እዚያው ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ማሰሮውን አንሥተው ለጋሽ አረጋ ቀዱላቸው።

«ቀጥል እንጂ ሾፌር» አሉ። «ከመታጠፊያው በኋላስ?»

ጋሽ አረጋ ቀጠሉ። ጽዋው ለተረኛው እስኪሰጥ ድረስ ኩልመስክን ሦስት ጊዜ ወጥተው ሁለት ጊዜ ወረዱ። ውባንቺ ጓዳ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ፤ ብትጠየቅ ጭስ ነው ትላለች።

ቄስ ምስጋኑን ልሸኝ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ምንይችል፣ መቶ ስግደት።»

«ለምን ሲባል አባ?»

«መኪና ስላሳለምከኝ።»

«አውቄ ነው የተሳለምኩት አላሉም እንዴ?»

ጺማቸውን ወደ ታች ሳቡት። ከውስጥ የጋሽ ሙሉሃብት ድምፅ «ፍሬኑስ ባይዝ?» ብሎ ይጠይቃል።

«እንግዲያው ሃምሳ ይሁን» አሉ።

«የቀረውስ ሃምሳ?»

«እሱን ለእኔ ተወው» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ዳገቱን ተያያዙት።