የማን ትከሻ ነበር?

ናፍቆት ሕሩይ በገና ቀን ከሦስት ቤት መብላት ግዴታዋ ነው። ጠዋት አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም በገዛ ቤቷ ትገድፋለች፤ ምሳ ወሰን ሰፈር እናቷ ዘንድ ነው፤ ማታ ደግሞ የባሏ ዘመዶች ይጠብቋታል። ከሦስቱ በአንዱ ቤት «ጠግቤያለሁ» ብትል እስከ ፋሲካ ስትታማ ትከርማለች። ባሏ ሚልኬሳ ግን ምን ቸገረው! እሱ ጴንጤ ነው፤ ጾሙን ሙሉ ሥጋውን ሲያጣጥም ከርሞ፣ ዛሬ ከጾመኛው እኩል፣ እንዲያውም ቀድሞ፣ ዶሮ ወጡ ላይ ይሰየማል። አማቱ ወይዘሮ ሥርጉት ይህን እያወቁ ፈረሰኛውን ባላቸውን ትተው ለእሱ ያወጡለታል። ወይ አማች መሆን!

ዘንድሮ ደግሞ ሩጫው ብሶ ነበር። የሰባት ዓመቷ ርሆቦት «ማሚ፣ አባትሽ የተሸከመሽን ቦታ መቼ ነው የምታሳዪኝ?» እያለች የእናቷን ጆሮ በልታዋለች። ናፍቆትም ጭንቅ ሲላት፣ የገና ዕለት ከምሳ በኋላ እንጦጦ እንወጣለን ብላ ቃል ገባች። ለልጅ ቃል ገብቶ መርሳት እንደሌለ ማን በነገራት።

ታሪኩን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቀዋል። በወይዘሮ ሥርጉት ቤት ገና ያለ እሱ አልፎ አያውቅም። ዶሮው ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ አንዱ ይነሣና «እስቲ ያቺን የእንጦጦዋን» ይላል፤ ናፍቆትም ልመና አያስፈልጋትም። አባቷ ሕሩይ የሞተው በጥቅምት ወር፣ እሷ አራት ዓመቷ ላይ ነው። ፊቱን ከፎቶ እንጂ ከራሷ ትዝታ አታውቀውም። ድምፁንም አታውቀውም። ከአባቷ የቀረቻት ይቺው አንዲት የገና ቀን ብቻ ናት፤ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት።

ያሳደጓት የእናቷ ሁለተኛ ባል፣ ጋሽ በላይነህ ናቸው። ወሰን ውስጥ ጋራዥ አላቸው፤ ከሕሩይ ጋር አንድ ቦታ ይሠሩ የነበሩ መካኒክ ናቸው። ከመኪና ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም። ናፍቆት ክፉ አይታባቸው አታውቅም፤ አስተማሯት፣ ዳሯት፣ ርሆቦት ስትወለድ ከሆስፒታል በር አልጠፉም። እሷ ግን ዛሬም «ጋሽ በላይነህ፣ እርስዎ» ነው የምትላቸው። አባት የሚለውን ስም ለሌላ ሰው መስጠት ከሟቹ መስረቅ ይመስላታል። እሳቸውም አንድ ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም። የእንጦጦው ታሪክ ሲጀመር ብቻ «ለስላሳ ላምጣ» ብለው ይነሣሉ። ለስላሳው እኮ ጠረጴዛው ላይ ሞልቷል!

እንግዲህ የዘንድሮው ጣጣ የመጣው ከአሰላ ነው። የሕሩይ ታላቅ እህት እትዬ አፀደ ገናን ከወሰኑ ዘመዶቻቸው ጋር ሊያሳልፉ ከስንት ዓመት በኋላ መጡ። ታሪኩን ሰምተውት አያውቁም። ርሆቦት ደግሞ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጣ «ማሚ፣ ንገሪያት! ንገሪያት!» ትላለች።

ናፍቆት ጀመረች። «ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በእግራችን ስንሄድ ደከመኝና አለቀስኩ። አባዬ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ሁለቱን ጆሮዎቹን እንደ መኪና መሪ ይዤ፣ ቀኙን ስስበው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ግራውን ስስበው ወደ ግራ። ‘አባዬ፣ ፍሬን!’ ስለው ቀጥ! ከዚያ ሞተር ያስነሣና እንደገና ይሄዳል። እንዲህ እየነዳሁት እንጦጦ ማርያም ደረስን። ነፋሱ ብርድ፣ ባሕር ዛፉ ሲሸት አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከቤት ስንወጣ ደግሞ እማዬ ጥቁር ለብሳ በር ላይ ቆማ...»

«ቆይ ቆይ» አሉ እትዬ አፀደ። «ጥቁር?»

«አዎ፣ ነጠላዋም ጥቁር፣ ቀሚሷም ጥቁር። በር ላይ ቆማ እጇን ስታወዛውዝልን ይታየኛል።»

«እንዴ! እናትሽ ጥቁር የለበሰችው ለወንድሜ አይደለም እንዴ? እሱ ተቀብሮ ሳለ ማን ነው ታዲያ የተሸከመሽ?»

ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል፤ እትዬ አፀደም ነገሩ የገባቸው ከተናገሩት በኋላ ነው። «ውይ አፌን በቆረጠው! እኔ አሮጊት ምኑን አውቄ... ቀጥዪ ልጄ፣ ቀጥዪ» አሉ። ግን ምኑን ትቀጥል? ሚልኬሳ አሁንም የሚግጠውን አጥንት አስቀመጠ። ወይዘሮ ሥርጉት «ዳቦው» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ዳቦው ከተቆረሰ ቆይቷል።

ናፍቆት ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም። እውነት ነው፣ ጥቁሩን ይህን ሁሉ ዓመት ስታወራ ማን ሞቶ ነው ብላ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። የልጅነቱን ነገር ማን መልሶ ይመረምራል? ሰው እንዳለ ነው የሚያኖረው። አሁን ግን ነገሩ ተገለበጠባት። ምናልባት የዚያ ዓመት ሳይሆን የቀደመው ገና ይሆናል፤ ምናልባት ጥቁሩ ለሌላ ሰው ነው። እናቷን ተከትላ ጓዳ ገባች።

«እማዬ፣ ለአያቴ ነው አይደል ጥቁር የለበስሽው?»

«አያትሽማ አንቺ ስምንተኛ ክፍል ስትደርሺ ነው ያረፈችው።»

«ታዲያ ማን ነው የወሰደኝ?»

«ናፍቆት፣ በዓል ነው ዛሬ፣ ተይኝ!» ወይዘሮ ሥርጉት የታጠበውን ድስት እንደገና ያጥቡ ጀመር። «እኔ ያኔ ቀንና ሌሊት የምለይ መሰለሽ? ፀሐይ ወጥታ ብትገባ አላውቅም። እሱን ጠይቂው።»

«እሱን» ያሉት ማንን እንደሆነ ገባት። ወጣች። ጋሽ በላይነህ እንደ ልማዳቸው የማይፈለግ ለስላሳ ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመዋል።

«ጋሽ በላይነህ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ማን ነው የተሸከመኝ?»

«አባትሽ ነዋ» አሉ ሳያቅማሙ። «ሕሩይ ነው።»

«ጥቁሩስ?»

«ልጅ አልነበርሽ? ቀለም ተምታቶብሽ ነው። ሰማያዊ ይሆናል።»

ሰማያዊ ነጠላ! ማን ለብሶ ያውቃል? ናፍቆት ግራ ገባት። አክስቷ የሞተውን ወንድማቸውን ከታሪኩ ያወጡታል፤ እናቷ አላውቅም ይላሉ፤ እኚህ ደግሞ የማይመስል ነገር ተናግረው ሕሩይን ሊመልሱላት ይደክማሉ። ማንን ትመን? ሚልኬሳ መጥቶ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ «ምን ለውጥ አለው ውዴ? ማንም ይሁን፣ ደስ የሚል ሜሞሪ ነው» አላት። «አንተ አባትህ በሕይወት አለ!» ብላ ጮኸችበት። ወዲያው ተጸጸተች፤ ግን የተናገረችው እውነቷን ነበር። ያንን ትከሻ ከወሰዱባት አባቷ ፎቶ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው።

ትልቅ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ ርሆቦት ብቻ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ተገተረች። «ማሚ፣ ፕሮሚስ አድርገሽልኛል!»

ናፍቆት ልትቆጣት አፏን ከፈተች፤ አልቻለችም። ሚልኬሳ ለእሑዱ መዝሙር ልምምድ ቸርች መሄድ ነበረበት። ጋሽ በላይነህ የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና «እኔ አደርሳችኋለሁ» አሉ።

መንገዱን ሙሉ የምታወራው ርሆቦት ብቻ ነበረች። መገናኛን አለፉ፣ ስድስት ኪሎን አለፉ፣ ከሽሮ ሜዳ በኋላ ዳገቱ ጀመረ። ከማርያም የሚመለስ ነጭ ለባሽ በግራና በቀኝ ይወርዳል። ናፍቆት በመስኮቱ ታያለች፤ የምታውቀው ቦታ ግን የለም። በዚህች ቀን ስትመካ ኖራ የትኛው ጥግ እንደሆነ እንኳ አላወቀችውም። ለልጇ ምን ብላ ልታሳያት ነው?

«አያቴ ማሚን ያነሣት የቱ ጋ ነው?» አለች ርሆቦት።

ጋሽ በላይነህ ከአንድ መታጠፊያ በላይ፣ የድንጋይ ካብ አጠገብ መኪናውን ዳር አስያዙ። እጃቸውን በመስኮቱ አወጡና ጣታቸውን ቀሰሩ። «እዚች ካብ ላይ ተቀምጣ አልሄድም አለች። ቀኝ እግሯን ጫማው ልጦት ነበር፤ ካልሲዋን አውልቀን...»

አቋረጡት። ወሬያቸው ወዴት እንደወሰዳቸው ያኔ ነው የታወቃቸው። ሞተሩን አጠፉ።

«እርስዎ ነዎት» አለች ናፍቆት።

መሪውን ለቀቁ። ከዚያ «እኔ ነኝ» አሉ፣ እንደ ጥፋተኛ።

ናፍቆት ከመኪናው ወርዳ ካቡ አጠገብ ቆመች። መቆጣት ፈለገች፤ በማን እንደምትቆጣ ግን አላወቀችም። ጋሽ በላይነህ የርሆቦትን እጅ ይዘው ቀስ ብለው መጡ።

«ሕሩይ ለገና እንጦጦ እወስድሻለሁ ብሎሽ ነበር» አሉ። «እሱ ሞተ፣ አንቺ ግን አልረሳሽም። የገና ዕለት ለቅሶ ልጠይቅ ብመጣ ጫማሽን አድርገሽ በር ላይ ተቀምጠሻል። ‘አባዬ አሁን ይመጣል’ ትያለሽ። እናትሽ ትጮኻለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ‘ነይ፣ እሱ ነው የላከኝ’ ብዬ ይዤሽ ወጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ልንገርሽ? በዓመቱ ለሰው ሁሉ ‘አባዬ ወሰደኝ’ እያልሽ ስታወሪ ሰማሁሽ። ደስ ብሎሻል። ከሞተ ሰው ላይ ልንጠቅ? እናትሽን ሆድ ይፍጀው አልኳት፣ ፈጀው።»

«ግን እኮ ‘አባዬ’ ስለው ይቆም ነበር!» አለች ናፍቆት፣ አሁንም እየተሟገተች። «አባዬ፣ ፍሬን ስለው!»

ጋሽ በላይነህ መሬት መሬቱን አዩ። «መጀመሪያ ፍሬን አላልሽኝም። ትከሻዬ ላይ እንደወጣሽ ‘አባዬ፣ ሂድ’ ነው ያልሽኝ። እኔ ያኔ ሚስትም ልጅም የለኝ፤ ማን ብሎኝ ያውቃል? እግሬ ተያዘ፣ መሄድ አቃተኝ። አንቺ ሆነ ብዬ የቆምኩ መሰለሽና ሳቅሽ። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቂ ያየሁት ያኔ ነው። ስለዚህ እስከ ላይ ድረስ እየቆምኩልሽ ወጣን።»

ናፍቆት አለቀሰች። ደስታ ነው እንዳትል እየተዘረፈች ነው፤ ሐዘን ነው እንዳትል አጠገቧ የኖረ ሰው ዛሬ ገና የተሰጣት ያህል ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ታዲያ እኔ የአባቴ ምን ቀረኝ?» አለች። «ያለኝ ይህ ብቻ ነበር እኮ።»

«የሕሩይማ እኔ ዘንድ ሞልቷል!» አሉ ጋሽ በላይነህ፣ የገረማቸው መሰሉ። «ከልጅነት ነው የማውቀው። አብሬው አድጌ፣ አብሬው ሠርቼ፣ ሚዜው ሆኜ! አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም እንጂ።»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነዋ! የእናቴን የመጀመሪያ ባል በእርስዎ ፊት እንዴት ላንሣ?»

«እኔም እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። የአባቷን ቦታ ይዞ ጭራሽ ስለ አባቷ ያወራል እንዳትዪ።»

ተያዩ። አቤት ሞኝነት! አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገበታ ላይ፣ ስንት ገና አለፈ።

ርሆቦት የትልልቆቹ ለቅሶ ሰልችቷት የጋሽ በላይነህን ኮት ጎተተች። «የማሚ አባት ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ሕሩይ?» ፊታቸው በራ። «ሕሩይ ሲስቅ ድምፅ የለውም ነበር። ቀልዱ ሲብስበት አፉን በእጁ ይይዝና ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። የማያውቀው ሰው የሚያለቅስ ይመስለዋል። አንዴ የአለቃችን እናት ሞተው ለቅሶ ቤት ሳቁ መጥቶበት ሴቶቹ ‘እንዲህ ነው እንጂ ወዳጅ!’ ብለው አቅፈው አጽናኑት።»

ርሆቦት ዞር ብላ እናቷን አየቻት። ናፍቆት አፏን በእጇ ይዛለች፤ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እንደ ማሚ!» አለች ልጅቱ።

«ታዲያ ከማን ያመጣችው መሰለሽ?» አሉ ጋሽ በላይነህ።

ናፍቆት በዚህ ሳቋ ሲሾፍባት ነው የኖረችው። ትምህርት ቤት ተስቆባታል፣ ሚልኬሳ ሳይቀር ይቀልድባታል፤ ከማን እንደወረሰችው ግን አንድ ሰው ነግሯት አያውቅም። ማታ የሚጠብቋት የባሏ ዘመዶች ከነድስታቸው ተረሷት። ነጠላዋን አጣጥፋ ካቡ ላይ አነጠፈችና ተቀመጠች፤ ለእሳቸውም ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ሌላስ?» አለች።