ሰባተኛው ቀን

ጀማሉዲን ግራኝ ነው። ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ወዳለችው የቆርቆሮ ብረት መቀጥቀጫው የሚመጡ ሾፌሮች በዚህ ሳይቀልዱበት አይሄዱም።

«ጋሽ ጀማል፣ ይሄ ግራ እጅዎ ጡረታ የሚወጣው መቼ ነው?» አለው ያረጋል ማክሰኞ ዕለት። ከበርበራ ጭኖ ሲመለስ የመኪናው ባሌስትራ ተሰብሮበት ነው የመጣው።

«አንተ ጉድጓዱን አይተህ መንዳት ስትጀምር» አለ ጀማሉዲን፤ የጋለውን ብረት በቀኙ በጉጠት ይዞ በግራው መቀጥቀጡን ሳያቋርጥ።

ያረጋል ስቆ ስልኩን መነካካት ጀመረ። የጎንደር ልጅ ነው፤ ከወደ ጎንደር የሰማውን ያየውን ሁሉ ለሽማግሌው ካላሳየ ዕረፍት የለውም። «ይችን ይዩልኝማ፣ ጋሼ። የአገራችን ልጅ ናት። እስራኤል ሆና ሸክላ ታስተምራለች።»

ስልኩ ላይ የጥሪ ወረቀት ነበር፤ ግማሹ በዕብራይስጥ፣ ግማሹ በአማርኛ። የአይሁድ ትምህርት፣ ጥበብና ባህል ምሽት፤ ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፤ በአካል መምጣት ያልቻለ በስልክ መግባት ይችላል። ከዚያ ትምህርቶቹ ተዘርዝረዋል። ከሁሉ በታች ያለው እንዲህ ይል ነበር፦ «አባቴን ከሸክላ ማበጀት፤ በአማርኛ። አቅራቢ፦ አይናለም አየነው።»

ጀማሉዲን ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበው። ብረቱ መስፉ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?»

«ጭሱ ነው» አለ።

አየነው የእሱ ስም ነበር። ጅግጅጋ ላይ ከመስለሙና ሀሲናን ከማግባቱ በፊት፣ ጀማሉዲን ከመባሉም በፊት፣ ከጎንደር በላይ ባለች የቤተ እስራኤል መንደር የባለእጁ ልጅ አየነው ነበር። አይናለም ደግሞ ልጁ ናት። ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሞታለች ተብሎ ሠላሳ ዓመት አልፎም ያለቀሰላት የአምስት ዓመት ልጁ።

ያን ጊዜ መንደሩ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ወደ ሱዳን ሲወጣ አየነው፣ ሚስቱ ስንዱ፣ አይናለምና አሮጊት እናቱ አብረው ነበሩ። ጓንግ ወንዝ ዳር ሲደርሱ እናቱ ደከመች፤ ከአንድ ሾላ ሥር ጋደም እንዳለች በዚያው አረፈች። የገነዛትም የቀበራትም፣ ሦስት ድንጋይ ያኖረባትም እሱ ነው። በሕጋቸው ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ከደጅ ይቀመጣል። ምግብ ቢመጣለትም ራቅ አድርገው ያስቀምጡለታል እንጂ አይጠጉትም። በሰባተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ታጥቦ ይገባል። ስንዱ እጁን ልትይዘው ስትል «አትንኪኝ» አላት።

«መንገድ ላይ ነን እኮ» ብላ ለመነችው። «እግዜር ይቅር ይላል።»

አየነው ግን የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ሕግ ቢያጎድል የእናቱ አጥንት የሚወጋው መሰለው። «እናንተ ሂዱ፤ ሰባት ቀኔን ጨርሼ እደርስባችኋለሁ» አለ። ስድስት ቀን ተቀመጠ። በሰባተኛው ቀን ማለዳ ወታደሮች መጥተው ያዙት፤ ደርግ እስኪወድቅም ታሰረ። ሲፈታ ከሱዳን የተመለሰ አንድ ሰው «ያንተዎቹ በበሽታ አለቁ» አለው። አመነ። ከዚያ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅግጅጋ ኋላም ወደ ሐርጌሳ አዞረ፤ ከኋላው የሚጠብቀው አልነበረምና።

የዚያን ዕለት ማታ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ካሉት ሁለት የኪራይ ክፍሎቻቸው ሲደርስ ሂዳያ ከሥራ ገብታለች። ሀሲና ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሂዳያ ትራንዚት ኦፊስ ውስጥ ትሠራለች፤ ስልክና ኮምፒዩተር ለእሷ እንደ እሱ መዶሻ ነው።

«ይሄን ነገር በስልክ መግባት ይቻላል?» አላት ያረጋል የላከለትን እያሳየ።

«ሊንክ አለው፣ ሬጅስተር አደርግሃለሁ።» ወረቀቱን አነበበችና ቀና ብላ አየችው። «የአይሁድ ትምህርት? አባ፣ ሱረቱል በቀራን ሳትጨርስ ኦሪት ልትጀምር ነው?»

«የማውቃት ልጅ ናት የምታስተምረው።»

«ከየት ነው የምታውቃት?»

«ከአገር ቤት።»

ስለ አገር ቤት ሲጠየቅ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የጫማውን ክር ሊፈታ ጎንበስ አለ። ሂዳያም እንደ ልማዷ ተወችው።

ረቡዕንና ሐሙስን አንድ ዐረፍተ ነገር ሲቀጠቅጥ ዋለ። «አይናለም፣ አባትሽ ነኝ፤ አልሞትኩም።» ከዚህ የረዘመ ነገር ለመናገር ትንፋሹ እንደማይበቃው ያውቃል። ሐሙስ በጊዜ ዘጋ፤ ፀጉሩን ተቆረጠ፤ የዒድ ሸሚዙን ለበሰ። መግሪብ ሰግዶ ሲነሣ ሂዳያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ከውኃ ጆጉ ጋር አስደግፋ ጠበቀችው።

«ማሻአላህ! አባ፣ ሊያጋቡህ ነው እንዴ?»

መጀመሪያ የገቡበት ክፍል ውስጥ ሰዎች እያጨበጨቡ በዕብራይስጥ ይዘምሩ ነበር። ሁለተኛው ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ ሊጥ ሲገምድ አገኙት። «ይሄ ነው የምታውቃት ልጅ?» ብላ ሂዳያ ሳቀች። በሦስተኛው ላይ አማርኛ ተሰማ።

አዳራሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ሸክላ፣ ከሸክላው ኋላ ሽብቷን ያልሸፈነች፣ እጅጌዋን የጠቀለለች ሴት። ጀማሉዲን የአምስት ዓመት ፊት ሲፈልግ የእናቱን ፊት አገኘ። ጉንጯ፣ ሲያስቡ የሚጨማደደው አፍንጫዋ፣ ሁሉም የእናቱ ነበር።

«እጅ ማንሣት የሚባል ነገር አለ አይደል?» አላት ሂዳያን። «አንሺልኝ። ስትጨርስ ልናገር ነው።»

ሂዳያ ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ «ሂዳያ» ከሚለው ስም አጠገብ ትንሽ ቢጫ እጅ ወጣች።

አይናለም በእጇ የያዘችውን ምስል ለካሜራው አሳየች። አንድ ክንድ የማይሞላ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ መዶሻ ያነሣ። አማርኛዋ በአምስት ዓመቷ ቀርቶ ከዕብራይስጡ ሥር የኖረ አማርኛ ነበር፤ «ቀ» ከአፏ ጠፍታ በቦታዋ «ከ» ገብታለች።

«አባቴ እንዲህ ነበር» አለች። «የት እንደተከበረ ግን አናውክም።»

«የት እንደተከበረ?» አለች ሂዳያ በሹክሹክታ፤ ሳቋን እየዋጠች።

«እንደተቀበረ ማለቷ ነው» አለ ጀማሉዲን።

ሂዳያ የአባቷን ድምፅ ሰማችና ሳቋን ተወችው።

አይናለም እርጥቡን ሸክላ በጣቷ እያለሰለሰች ተረከች። እናቷ ስምንት ዓመት ጠበቀች። በስምንተኛው ዓመት ከጎንደር የመጣ አንድ ሰው አየነው ሞቷል ብሎ በሽማግሌዎች ፊት መሰከረላት። እናቷ አገባች፤ ሦስት ልጆች ወለደች። አሁን የመጨረሻው ልጅ ሊያገባ ወር ቀርቶታል። የሙሽራዋ ዘመዶች ግን ጥያቄ አነሡ፦ የመጀመሪያው ባል ለመሞቱ ማን ምስክር አለ? ያ የመሰከረው ሰው እሱም ሞቷል። መቃብሩን ያየ የለም።

«እናቴ ሌሊት አትተኛም» አለች አይናለም። «ይኸው፣ እዚህ ናት። እማ፣ እጅሽን አሳዪያቸው።»

ካሜራው ዞረ። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ነጠላ የለበሰች ባልቴት ምርኩዟን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። እጇን አላነሣችም። ስንዱ ድሮም ሰው ፊት መታየት አትወድም።

ጀማሉዲን ሁለቱን መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሕጉን ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ከቄሶቹ እግር ሥር ተቀምጦ የሰማው ነው። ባሏ በሕይወት እያለ ሌላ ያገባች ሴት አመንዝራ ትባላለች፤ ከዚያ ጋብቻ የተወለዱትን ልጆች ከማኅበሩ የሚያገባቸው የለም። ሁለት ቀን ሲቀጠቅጠው የዋለውን ነገር ዛሬ ቢናገር አይናለም አባት ታገኛለች። ስንዱ ግን በእርጅናዋ ትዋረዳለች፤ ሦስቱ ልጆችም ያለ ጥፋታቸው ከደጅ ይቀራሉ።

«ሂዳያ፣ አጥፊው» አለ። «እጁን አውርጂው።»

ጊዜው አልፎ ነበር።

«ሂዳያ የሚባሉ እንግዳ እጅ አንሥተዋል» አለች አይናለም። «ይናገሩ፤ እንሰማለን።»

ስሟ ሲጠራ ሂዳያ ደንግጣ፣ ካሜራውን ሳትከፍት ማይኩን ብቻ ከፈተችው። በዚያው ቅጽበት ከጎረቤት መስጊድ የዒሻ አዛን ተነሣ።

«የምን ድምፅ ነው?» አለች አይናለም።

«መስጊድ ነው። ሐርጌሳ ነው ያለሁት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሂዳያ ልጄ ናት። ስልኩ የእሷ ነው። እኔ ጀማሉዲን እባላለሁ።»

«እንኳን ደህና መጡ፣ አባባ።»

አባባ። ዐረፍተ ነገሩ እስከ ጥርሱ ድረስ መጣ። ዋጠው። ከእሱ ሌላ ግን አንድም ቃል አላዘጋጀም ነበርና ዐይኑ ያረፈበትን ተናገረ።

«መዶሻውን በቀኙ አስይዘሽዋል» አለ። «ግራኝ ነበር።»

የአይናለም ጣቶች ሸክላው ላይ ቆሙ።

«አባቴን አይተውታል?»

«መንገድ ላይ አብረን ነበርን።»

«ሲሞት ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ማን ከበረው?» ድምጿ ቀጠነ። «ንገሩኝ፤ የከበረው ሰው አለ?»

«አለ። እኔ ነኝ። በእጄ ቀበርኩት። ጓንግ ወንዝ ዳር፣ ከሾላው ሥር። ሦስት ድንጋይ አስቀምጬበታለሁ።»

ስለ ሾላው አልዋሸም፤ ስለ ድንጋዮቹም አልዋሸም።

የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ስንዱ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው መጣች፤ ስልክ እንዴት እንደሚታይ ስለማታውቅ ከካሜራው ይልቅ ድምፁ ከማጉያው ወደሚወጣበት ወደ ግድግዳው ዞረች። እሱ የሚያየው ጎኗን ብቻ ነበር።

«ወንድሜ» አለች። «ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከደጅ ይቀመጣል። አንተ ተቀመጥክ?»

«ስድስት ቀን ተቀመጥኩ» አለ። «በሰባተኛው ማለዳ ወታደሮች መጡ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገና አልገባሁም።»

አዛኑ አልቋል። አይናለም አንዴ እናቷን አንዴ ስክሪኑን አየች። ስንዱ ምርኩዟን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከእሱ በቀር ለማንም ያልተነገረ ቃል መሆኑን በሚያውቅ ድምፅ፦

«መንገድ ላይ ነበርን እኮ» አለች። «እግዜር ይቅር ይል ነበር።»

«እማ?» አለች አይናለም። «እማ፣ ምንድን ነው?»

ስንዱ ወደ ሰዉ ዞረች። «ምስክር የለም ስትሉ ነበር። ይኸው ምስክር። የቀበረው ሰው በአፉ ተናገረ። ልጄ ያግባበት።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ተመለሰች። «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ። ውለታ ሠራህልኝ። ልጅህን ይባርክልህ።»

«አሜን» አለ ጀማሉዲን።

አይናለም እያለቀሰች ነበር፤ እጇ ግን አልቆመም። የምስሉን ቀኝ ክንድ በሽቦ ቆርጣ አነሣች፤ መዶሻውን ከነጭብጡ ወደ ግራ አዞረችው፤ መጋጠሚያውን በውኃ አርሳ በአውራ ጣቷ ለሰነችው። ወደ ካሜራው አስጠጋችው።

«እንዲህ?»

ጀማሉዲን ራሱን አየ። ጎንበስ ብሎ፣ በወጣትነቱ፣ ሳይደክመው።

«እንዲያ» አለ። «እንዲያ ነበር።»

ሂዳያ ጣቷን ሰድዳ ስልኩን ዘጋችው። ወደ አባቷ ፊት አላየችም። የምታየው ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ግራ እጁን ነበር፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉሯን ሲያበጥርላት የኖረውን። ጀማሉዲን እጁን ሰብስቦ ተነሣና ወደ ግቢ ወጣ።

እራት ስታቀርብ አልገባም። ሩዙን በሳህን ይዛ ወጣች። ከውኃው በርሜል አጠገብ፣ ግንቡን ተደግፎ፣ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«አባ፣ ይበርድሃል። ና ግባ።»

«እዚያው አስቀምጪው» አለ። አምስት እርምጃ ያህል የራቀ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአገጩ አሳያት። «አትጠጊኝ፣ ልጄ። አትንኪኝ።»

ሂዳያ ሳህኑን ባለው ቦታ አስቀመጠች። ብዙ የምትጠይቀው ነበራት። አንዱን ብቻ ጠየቀች።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ነገ ፀሐይ መግቢያ። አንድ ቀን ነበር የቀረኝ።»

ወደ ኋላዋ ሄዳ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ጀማሉዲን እንድትገባ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ አልገባችም። ከድንጋዩ ላይ የሩዙ እንፋሎት ጥቂት ጊዜ ሲነሣ ቆየና አቆመ።