«የለም» የምትለው ጡብ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያጣ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ። የዛሬው ወሬዬ ደስ አይልም፤ ግን ስሙኝ።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሥራዋ ለአንድ ፋብሪካ ፎርም መሥራት። የወረቀቱን አይደለም፣ በስልክና በኮምፒዩተር የሚሞላውን። እናትና አባት በልጅነቷ ስላለፉ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱም እዚያው ፋብሪካ የቦይለር ጠባቂ ነበር። እሷ ፎቅ ላይ፣ እሱ ምድር ቤት።

ፎርሙ ሲበዛባት ዘዴ ዘየደች። በየፎርሙ የሚደጋገመውን ጥያቄ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ከመሥራት፣ አንዴ ሠርቶ በየቦታው መሰካት። «ጡብ» ብላ ስም አወጣችላቸው፤ የስም ጡብ አለ፣ የፊርማ ጡብ አለ። ከሁሉም የተወደደችላት ግን «ካለፈው የተለየ ነገር አለ?» የምትለዋ ነበረች። ለጽሕፈት ዕቃ መጠየቂያ ነበር የሠራቻት። ሰው እንዳይደክም ብላ «የለም» የሚለው ላይ ቀድማ ራይት አደረገችበት፤ «አለ» ካልተነካ መጻፊያው ሳጥን ተደብቆ ይቀራል። አለቃዋ ጡቧን ወደዳትና አርባ ፎርም ውስጥ አስሰካት። አንዱ የቦይለሩ የዕለት መቆጣጠሪያ ነበር።

እሑድ ምሳ ላይ ወንድሟ ነገር ጀመራት።

«አንቺ መሐንዲስ፣ ያ ፎርምሽ አፍ የለውም እንዴ?»

«አፍስ አለው፤ ያንተ ጣት ወፍሮ ነው» ብላ ሳቀች።

«ሳቂ አንቺ! ቦይለሩ በታችኛው ብየዳ በኩል ማላብ ጀምሯል። ለኃላፊው ብነግረው ‹በፎርም አስገባ› አለኝ። መጻፊያ ቦታው ግን የት ነው?»

«ግድግዳው ላይ ጻፍለት» አለች ሚስቱ፤ ሦስቱም ሳቁ።

«አለ» የሚለውን ንካው ብትለው ይበቃ ነበር፤ አንዲት ቃል። እሷ ግን የእጇ ሥራ ጎደሎ መባሉ ከነከናትና ከመሠረቱ ልታስተካክለው አሰበች። «ነገ ሳጥኑን ገልጬልህ አድራለሁ ወንድምዬ» አለችው።

ሰኞ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«ጡቧን ከነካሽ አርባው ቤት ይነቃነቃል» አላት። «ወር መጨረሻ ላይ እናየዋለን።»

«የቦይለሩን ብቻ ለይቼ ልንቀላት?»

«ለይተሽ ከነቀልሻትማ ጡብነቷ ምኑ ላይ ነው?»

«ጡብ» የሚለው ቃል የራሷ ነበርና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

ሮብ ጠዋት ቦይለሩ ፈነዳ። ፎቅ ላይ ጠረጴዛዋ ከነስክሪኑ ተንሸራተተ። ወንድሟ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሞተ።

ከቀብር መልስ ሌላ ሞት መጣ። የፋብሪካው ሰዎች የዕለቱን ፎርም አወጡ፤ «ካለፈው የተለየ ነገር፦ የለም»፣ ከሥሩ የወንድሟ ፊርማ። «ሦስቱንም የገደለው እሱ ነው» ተባለ። ከሟቾቹ የአንዱ እናት የወንድሟን ሚስት መንገድ ላይ አይታ ፊቷን አዞረችባት። ምስኪን ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቤቷ ገባች።

አለቃዋ ልጅቷን ለብቻዋ ጠራት። «እሱ እንደሆን አይመለስ። አንቺ ግን እንጀራሽን አትጪ።»

ቀጥ ብላ አደጋውን የሚያጣራው መርማሪ ዘንድ ሄደች።

«‹የለም› ያለው ወንድሜ አይደለም። ስልኩን ሳይነካው ቀድሜ ራይት ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሱ በአፉ ነግሮኛል፣ እሑድ፣ ምሳ ላይ።»

ሰውየው ደክሞታል። ቀና እንኳ ሳይል «በቃል አንቀበልም እህት፤ በፎርም አስገቢ» አላትና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው።

የምስክርነት ፎርም ነው። ፋብሪካው ለመርማሪዎቹ ያዋሳቸው። ስም፣ አድራሻ፣ ከሥሩ ያቺው ጡብ፦ ካለፈው የተለየ ነገር አለ? የለም። ራይቱ በቦታው ቁጭ ብሏል።

«አለ» የሚለውን ነካች። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ባዶ፣ ነጭ፣ ሰፊ። ወንድሟ ሲፈልገው የሞተው ቦታ ይኸው ነበር። እያለቀሰች ጻፈች፤ ብየዳውን፣ ላቡን፣ ሳቃቸውንም ሳይቀር። ከሥራ ወጣች፤ የወንድሟ ስም ግን ከዚያ ፎርም ጥፋት ነጻ ወጣ። ያቺ ፊቷን ያዞረች እናትም ሚስቱን ደጇ ድረስ መጥታ አቀፈቻት።

እናንተም ልጆቼ፣ ሰው ምሳ ላይ እየሳቀ የሚነግራችሁን ነገር ለነገ አታሳድሩት። ያንን የቦይለር ጠባቂ አደራ አስቡልኝ።