የደርቤ ሚኒባስ ፉጨት

ሠርካለም ከሚናስ ጋራዥ የወጣችው ተጣልታ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ አብራው ስትሠራ ቆይታ፣ አንድ ቀን ጠዋት የራሴን ልከፍት ነው አለችው። ሚናስም ደባርቅ ውስጥ ሴት የነካችውን መኪና የሚያምን ሾፌር ካገኘሽ መጥተሽ ንገሪኝ ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በሳምንቱ መናኸሪያው አጥር ጥግ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ የባትሪ መሙያዋንና መፍቻዎቿን አስገባች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሾፌሮች አምፖልና ፊውዝ ብቻ ያስቀይሯት ነበር። ከበድ ያለ ሥራ ሲመጣ አጠገቧ አልፈው ወደ ሚናስ ይሄዳሉ። ያያትን ሰው ሁሉ ቀና ብላ ሰላም ትላለች እንጂ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ደርቤ ከዳባት ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወርዶ እስከ ዛሪማ የሚሠራ ሚኒባስ አለው። ከጎንደር ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየርና ወንበር ሥር የሚገባ ትልቅ ስፒከር ገዝቶ ሚናስ ገጠመለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው ሰላም አጣ። ሞተሩ ሲነሳ ስፒከሩ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ነዳጅ ሲጨምር ፉጨቱም አብሮ ይጨምራል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ባትሪው ሞቶ ያድርና ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋል። ሚናስ ባትሪህ አርጅቷል ቢለው አዲስ ገዛ። አዲሱም ሞተ። ሌላ ግዛ ሲባል ነው ደርቤ ግራና ቀኙን እያየ ወደ ሠርካለም ክፍል የመጣው።

ኮፈኑን ከፍታ ሽቦውን በእጇ እየዳሰሰች ተከተለችው። አምፕሊፋየሩ ኃይል የሚያገኘው በቀጥታ ከባትሪው ሳይሆን ከቴፑ ጀርባ ካለው ቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ ነበር። ፊውዝ የለውም። ነጌቲቭ ሽቦው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ስለታሰረ በቅጡ አልያዘም፤ ፉጨቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አምፕሊፋየሩን የምታስነሳው ትንሿ ሽቦም ኃይል ከማይለየው ቦታ ተቀጥላ ስለነበር፣ መኪናው ቢጠፋም እሱ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ሲጠጣ ያድራል። የቀጭኑን ሽቦ ላስቲክ ስትይዘው ሙቀት አለስልሶት ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ደርቤን ጠርታ አሳየችው። እዚህም እዚያም መጠጋገን አልፈልግም፣ ሁሉንም አውጥቼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ አለችው። ደርቤ ትንሽ አመነታና እሺ አለ።

ወሬው መናኸሪያውን ለመዞር ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ሚናስ የተራ አስከባሪዎቹን አለቃ፣ የግቢውን ክፍሎች የሚያከራየውን ኪዳነ ማርያምን ይዞ መጣ። ከኋላቸው ሾፌሮች ተከተሉ።

«የእኔን ሥራ ማን ፍቺ አለሽ?» አላት ሚናስ።

«ባለመኪናው።»

«እንደነበረ መልሺው።»

«እንደነበረ ከመለስኩት መኪናው ይቃጠላል። ይኸው ሽቦው፣ ጋሽ ሚናስ፣ ይንኩት።»

ሚናስ አልነካውም። ኪዳነ ማርያም እስከ ነገ ታላቅሽን ይቅርታ ካልጠየቅሽ ከዚህ ግቢ ትወጫለሽ አለ። ሠርካለም ይቅርታ የምጠይቀው ሳጠፋ ነው ብላ መለሰችና ፊታቸው ተንበርክካ የብረቱን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመረች።

ቀኑን ሙሉ ሠራች። ከባትሪው ወፍራም ገመድ አወጣች፤ ከባትሪው አንድ ስንዝር ራቅ ብላ ፊውዙን አስገባች። ገመዱ የሞተሩን ግድግዳ ሲያልፍ ብረት እንዳይቆርጠው ላስቲክ አለበሰችው። የኃይሉን ገመድ በግራ፣ የድምፁን ሽቦ በቀኝ አሳለፈች፤ እንዳይረባበሹ ነው። በግራና በቀኝ በሮች ውስጥ ያሉትን ስፒከሮችም ፈታ እንደገና ገጠመች። ትንሿን ሽቦ ወደ ቴፑ መለሰቻት፤ ቴፑ ሲጠፋ አምፕሊፋየሩም እንዲጠፋ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከዳባት መጡ። ዳባት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ልጅዎ ሽማግሌ ደፈረች፣ መጥተው ያስታርቁ ተብሎ ተልኮባቸው ነበር። ሚናስና ኪዳነ ማርያም ቀድመው ቆመው ይጠብቋቸዋል። ሠርካለም ጉልበት ስማ ተነሳችና ሳትጠየቅ ተናገረች።

«አባባ፣ ቢቆጡኝም ይቅርታ አልጠይቅም።»

«ቆዪ ልጄ፣ እኔ ገና አልፈረድኩም» አሉ ቀስ ብለው። «መጀመሪያ የሠራሽውን አሰሚኝ።»

የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደርቤ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሰጠው። ፉጨት የለም። ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደርቤ ለእሳቸው ብሎ መዝሙር ከፈተ፤ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። መዝሙሩ ሲያልቅ ተናገሩ።

«ፉጨቱ ጠፍቷል። ነገር ግን የግራውና የቀኙ አይስማሙም። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይጥላል። ከበሮውን መሃል ላይ በልተውታል።»

ሚናስ ፈገግ አለ። ሠርካለም ፊቷ ጋለ። ስፒከሩ አሮጌ ነው ብትል የሚከራከራት አልነበረም። እሷ ግን መፍቻዋን አነሳችና ሰው ሁሉ እያየ የግራውን በር ሽፋን ፈታች። ሁለቱ የስፒከር ሽቦዎች፣ ፖዘቲቩና ነጌቲቩ፣ ተቀያይረው ገብተዋል፤ የገባው በእሷ እጅ ነው። ሽቦዎቹን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ይኼ የእኔ ጥፋት ነው። ደርቤ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

አዛውራ ገጠመችው። መዝሙሩ እንደገና ሲከፈት ከበሮው መሃል ላይ መጥቶ ደረት መታ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ሠርካለም እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ሚናስ ዞረች።

«ይቅርታ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ ጋሽ ሚናስ። እርስዎም ለደርቤ አለብዎት።»

ሚናስ ሰዉን ገፋ አድርጎ ወጣ። መሪጌታም ከመኪናው ወርደው ለኪዳነ ማርያም፣ እኔ የመጣሁት ልጄን ይቅርታ ላስጠይቅ ነበር፤ ያጠፋችውን እኔ ሳልላት ጠየቀች፤ ሌላ የቀረኝ ሥራ የለም አሉት። ከዚያ ደርቤ ራሱ ወደ ዳባት መለሳቸው።

ኪዳነ ማርያም ግን ያለውን አደረገ። በሦስተኛው ቀን ክፍሏን እንድትለቅ ተነገራት። አላለቀሰችም፣ ሽማግሌም አልላከችም። ዕቃዋን በጋሪ ጭና ከከተማው መውጫ፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ከሚታጠፍበት ዳር አንዲት ቤት ያዘች። የጭነት መኪናዎች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ፍሬናቸውን የሚፈትሹት እዚያ ነው። ስሟን በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጋ በሩ ላይ ራሷ ጻፈች። መጀመሪያ ደርቤ መጣ፤ ከዚያ ደርቤ ያመጣቸው፤ ከዚያም ማንም ያላመጣቸው።

ክረምቱ ሲወጣ ከመናኸሪያው፣ ከእነኪዳነ ማርያም መልእክት ደረሳት። የሚናስን ደንበኞች ካልነካች ወደ ክፍሏ መመለስ ትችላለች የሚል ነው። መልእክቱን ያመጣው ሾፌር መልሷን እየጠበቀ በሩ ላይ ቆመ። ሠርካለም የአንድ አይሱዙ መሪ ሥር ተኝታ ሽቦ እየፈተሸች ነበር፤ አልወጣችም።

«የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ፤ እዚሁ ሆኜ። እንዲህ አለች በላቸው» አለችና የእጅ ባትሪዋን ወደ ሽቦው መለሰች።