ጆሮ ዓይኑን የገለጠ ቀን

ወንድሜን ሰው ሁሉ "ጆሮ" ነው የሚለው። ዋናውን ስሙን የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ነን። የመኪና ኤሲ ይሠራል። ረጅም ካቻቢቴ አለችው፤ ጫፏን ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ላይ፣ እጀታዋን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ፈረደ ማለት ነው። "ክላቹ አልያዘም" ካለ አልያዘም፤ ክላቹ ካልያዘ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ አይዞርም። በኮምፕሬሰር የተጣሉ መካኒኮች እንኳ እሱ ጋ መጥተው ነው የሚታረቁት።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። የተፈታ ዕቃ አጥባለሁ፣ ጋዝ የሚያፈስ ቱቦ በሳሙና አረፋ እፈትሻለሁ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። መከራዬም ይኸው ጆሮዬ ነው።

ባለፈው ወር ከአንዲት መምህር ነጭ መኪና "ሞቷል" ብሎ ያወጣውን ኮምፕሬሰር ሳጥብ፣ እስቲ ብዬ ገመዱን ባትሪ አስነካሁት። ቀጭ! ክላቹ ያዘ። ጤነኛ ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ ከጠረጴዛው ሥር ወሸቅሁት። ከዚያ ወዲህ ቂጤ መሬት አልነካም። ከኋላው ሆኜ የብረት ቁልፍ እጥላለሁ፤ አይዞርም። ሰው ሲስቅ ይስቃል፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አያውቅም። ልንገረው እላለሁ፣ እተወዋለሁ። ጆሮ አይሰማም ከተባለ ማን መኪናውን ይሰጠዋል?

ትናንት ጠዋት አንድ ሹፌር መጣ።

"ኮምፕሬሰሩን አንዱ ጋራዥ ሞቷል ይላል፣ አንዱ አልሞተም ይላል። ልቅበረው ወይስ ላሳክመው? የመጨረሻው ቃል ያንተ ነው" አለ።

ጆሮ ሳቀ። ዘግይቶ ነው የሳቀው።

ሞተሩ ተነሣ። ወንድሜ ካቻቢቴዋን ተክሎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ በር ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ቀጭ። ወዲያው ደግሞ ቀጭ። ይይዛል፣ ይለቃል፤ ይይዛል፣ ይለቃል። ጋዝ ሲያንስ እንዲህ ነው፤ ግፊቱ ይወርድና ክላቹ ይቋረጣል። ከበሩ ላይ ቆሜ ይሰማኛል እኮ!

"ክላቹ አልያዘም" አለ ጆሮ። "ሞቷል። ይውጣ።"

"አንተ ካልክማ ምን እላለሁ" አለ ሹፌሩ።

ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ። የጠቀለልኩት ብረት እግሬን ነካኝ።

"ጋሼ" አልኩት። አልዞረም። "ጋሼ!"

"ምነው?"

"ይይዛል።"

"ምን?"

"ይይዛል እያልኩህ ነው! ይይዛል፣ ይለቃል!"

ፊቱ ጠቆረ። "አንቺ ሳሙናሽን ያዢ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ልታስተምሪኝ ነው?"

"ሠላሳውን ዓመት ሰምተሃል። ዛሬ አልሰማህም። ዓይንህን ግለጥና እየው።"

"ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?"

"አዎ" አልኩት። የመምህሯን ኮምፕሬሰር ከነጨርቁ አውጥቼ ፊቱ ዘረገፍኩት። "ይሄም ይይዝ ነበር። ደብቄው ነው።"

ሹፌሩ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ።

ወንድሜ ብረቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ጎንበስ አለ። ሞተሩ የሚያዞረው የላስቲክ ቺንጋ ይዞራል፤ ከኮምፕሬሰሩ ፊት ያለችው የክላቹ ክብ ሳህን ግን ትዞርና ቀጥ ትላለች፣ ደግሞ ትዞራለች። ለማንም የሚታይ ነገር ነው። እሱ ግን ሲያዳምጥ ዓይኑን ገልጦ አያውቅም። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ወገቡ የተያዘ መስሎኝ ነበር።

"ሞተሩን አጥፋ" አለው ሹፌሩን። ለእኔ ደግሞ "ሳሙና አምጪ።"

አረፋውን መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀባሁ። አንዱ ጋ ትንሽዬ ኳስ ተነፋች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተነፋች። ውስጥ ያለው የላስቲክ ቀለበት ተሰንጥቋል፤ በቃ ይኸው ነው።

"እሷ ናት የሰማችው!" አለ ለሹፌሩ። "እኔ አልሰማሁም! ጆሮዬ ደክሟል!"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረ መስሎታል። አጠገባችን ያለው ጎሚስታ ጎማውን ጥሎ ዞረ፣ ከማዶ ያሉት ቀለም ቀቢዎችም ዞሩ። እጁን ይዤ "ቀስ" ልለው አልኩና ተውኩት።

"መምህሯንም ጥሪያት!" ብሎ ጮኸ። "የራሷን መልሼ እገጥምላታለሁ፣ ጥፋቴ ነው በያት!"

ቀለበቱን ቀየርን፣ ጋዝ ሞላን፣ ሞተሩ ተነሣ። ካቻቢቴዋን አላነሣም። ጎንበስ ብሎ ሳህኗ ላይ አፈጠጠ።

"ትዞራለች" አለ። "ላንቺ ጆሮስ?"

"ይዟል።"

"አልለቀቀም?"

"ቆይ፣ አትጩህብኝ፣ ልስማ።" ጆሮዬን ወደ ኮምፕሬሰሩ አዘነበልኩ። "አልለቀቀም።"