የተቀባው መዘውር

ወንድሜ ዙፈር፣ ከሙዓሪክ ጎሳ ጋር በውሃ ጉድጓድ በተጣላንበት ዘመን ሁለት ስንኝ ወረወረባቸው፦

ሙዓሪክ በጮማ መዘውሩን ቀባው፣
ጥም ያቃጠለው ሰው ሲያልፍ እንዳይሰማው።

የጉድጓድ መዘውር ሲንሲያጠጥ ለተጠማ መንገደኛ ጥሪ ነውና፣ ከዚህ የከፋ ስድብ በበረሃችን አይታወቅም።

ጠቡ በእርቅ አለቀ። አዲሱ ሃይማኖት መጥቶ በአንድ ሰልፍ አሰገደን። ዙፈርም ዳግመኛ ስድብ ላይገጥም ምሎ፣ አንዲት ልጁን ኡማማን ለእነሱ ዳረ። ስንኞቹን ግን ግመል ነጂ ሁሉ ከየመን እስከ ኢራቅ ያንጎራጉራቸው ነበር።

አንድ ቀን የኡማማ አማት ሸሪክ ከበስራ ከተማ ውጭ ወዳለው ድንኳናችን መጣ። ያቀረብንለትን ተምርና ወተት አልነካም።

«ልጅዎን ጠልተናት አይደለም፣ የኡማማ አባት» አለ። «ግን ልጄ ግመል ሊያጠጣ በወረደ ቁጥር መዘውሩን እያዩ ይስቁበታል፤ የተሳዳቢው አማች ይሉታል። ወይ ግጥምዎን በግጥም ይቅበሩልን፣ ወይ ልጅዎን ይውሰዱ።»

«ልጆቿስ?» አለ ዙፈር።

«ልጆቹማ የእኛ ናቸው።»

ዙፈር እንቅልፍ አጥቶ ውዳሴ አበጀላቸው። በግመል ገበያው መካከል፣ ሸሪክ ባለበት ቆሞ አሰማው። እኔ በግጥም ለወንድሜም አላዳላም፤ ከሥራው ሁሉ የላቀ ነበር። ሸሪክ በጥምጣሙ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ያን ጊዜ አንድ ነጋዴ ጎረቤቱን ጠየቀ፦ «እነማን ናቸው እነዚህ ሙዓሪኮች?»

«አታውቃቸውም እንዴ? መዘውር ቀቢዎቹ ናቸዋ! ‹ሙዓሪክ በጮማ መዘውሩን ቀባው፣ የተጠማ መንገደኛ መጥቶ እንዳይጠጣባቸው› የተባለላቸው።»

ቃሉ ተለውጦ ስንኙ አነከሰ። የዙፈር ፊት ጦር እንደገባበት ሰው ተኮማተረ። ክንዱን ያዝሁት።

«ተው፣ ዙፈር» አልሁት።

«እንዲህ አይደለም የሚባለው» አለ ጮክ ብሎ። «‹ጥም ያቃጠለው ሰው ሲያልፍ እንዳይሰማው› ነው።»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። ሸሪክ አልተቆጣም። ግመሉን አስነሥቶ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ኡማማ ብቻዋን ተመለሰች። ጡቷ ገና ወተት ያፈስ ነበር። አባቷን ቀና ብላ አላየችውም፤ እሱም ከዚያ ወዲህ አልገጠመም።

አንድ ምሽት ላጽናናት ብዬ ውዳሴውን ላሰማት ጀመርሁ። አጋማሹ ላይ ስደርስ ቀሪው ጠፋብኝ።

«ያኛውን ግን አይረሱትም፣ አጎቴ» አለችኝ።