ወልዱ ላሊበላን ያየበት ገና

ወልዱ ያን ዓመት "ገናን ላሊበላ ካላከበርን" ብሎ ቤቱን ሲያምስ ከረመ። ካዛንቺስ ውስጥ ከሚያውቁት ሰዎች አንድም ያመነው አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ የሕንፃ ንድፍ ሲሠራ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ከወሎ ሰፈር ካፌዎች ወዲያ ማለፍ የሚከብደው ሰው ድንገት ተሳላሚ ልሁን ሲል ማን ያምናል? ሚስቱ ፀሐይቱ ብቻ ምንም አልጠየቀችም። "እንሂዳ" አለች፣ አለቀ። ልጃቸው ሉሊ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠች። የሉሊ ልጅ ትንሿ አርያምም ለገና የተገዛላትን ነጭ ቀሚስ ቀኑ ሳይደርስ ለብሳ አላወልቅም አለች።

ወልዱ የቸኮለበትን ምክንያት ከራሱ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰለውም። ዓይኑ እየጠፋ ነበር። ሰንጋ ተራ ጓደኛ ልጠይቅ እያለ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ የዓይን ሐኪም ሲመላለስ ከርሟል። የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን ተብሏል። ግራው ከጨለመ ቆይቷል። ቀኙም ቢሆን የሚያሳየው በቁልፍ ቀዳዳ የማጮለቅ ያህል ነው። ለቤተሰቡ ግን ትንፍሽ አላለም። ቢናገር ቤቱን ለቅሶ ቤት ያደርጉታል፣ ደግፈው ያስቀምጡታል፣ ደግፈው ያስነሡታል። እሱ የፈለገው ዓይኑ ፈጽሞ ሳይጠፋ ያን ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ሥራ ማየት ነበር፣ ያውም ማንም ሳያዝንለት።

ላሊበላ የገቡት በገና ዋዜማ ነው። ከተማዋ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልታለች። ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች በየዛፉ ጥላ ሰፍረዋል፤ የአገሬው ሰው ደግሞ ውኃ ይዞ እየዞረ የእንግዶቹን እግር ያጥባል። አንዲት ሴት ወደ እነሱ መጥታ ስትንበረከክ ወልዱ አፈረ። "እኛ እንኳ በአውሮፕላን ነው የመጣነው፣ አልደከመንም" ቢላት "እንግዳ እንግዳ ነው፣ አባቴ" ብላ እግሩን ሳብ አደረገችው።

ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ወልዱ ጠርዙ ላይ ቆመ። ሌላው ሰው አንዴ አይቶ "ወይ ጉድ" የሚለውን፣ እሱ በዚያች በቀረችው ቀዳዳ ጥግ በጥግ፣ መስመር በመስመር እየለቀመ ነው ያየው። ጣሪያው ላይ ያሉትን መስቀሎች ዞረ፣ በግድግዳው ወረደ፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ አዳረሰ።

"አየሽ ሉሊ" አለ በመጨረሻ፣ "እኛ ከመሠረት ጀምረን ነው ወደ ላይ የምንወጣው። እነዚህ ከጣሪያ ጀምረው ወረዱ። እኔ መስመር ሲጣመምብኝ በላጲስ አጠፋለሁ። እዚህ ላጲስ የለም። አንዴ ከተፈለፈለ የሚመለስ ድንጋይ የለም።"

"እኔ እኮ፣ አባዬ፣ ጡረታ የወጣህ መስሎኝ ነበር" አለች ሉሊ እየሳቀች።

ቁልቁል ወርደው ወደ በሩ ሲሄዱ በግራ በኩል የነበረ ድንጋይ አደናቀፈው።

"ምን ሆንክ?" አለች ሉሊ።

"ይሄ ጫማ ነው፣ ባክሽ።"

"አባባ፣ ጫማህን እኮ አውልቀሃል" አለች አርያም።

ወልዱ እንዳልሰማ ሆኖ መስኮት ማድነቁን ቀጠለ። ፀሐይቱ ዞራ በግራው በኩል መሄድ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ከቤተ ገብርኤል ሩፋኤል የሚነሣው ዋሻ ደጃፍ ደረሱ። አስጎብኚያቸው ዲያቆን ስልካቸውን እንዲያጠፉ ነገራቸው። ይህ መንገድ ሲኦልን እንዲያስታውስ በጨለማ ነው የሚታለፈው፤ ቀኝ እጅን ግድግዳው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ መሄድ ነው። ዲያቆኑ አርያምን አቅፎ ከሉሊ ጋር ቀደመ። ባልና ሚስቱ ተከተሉ።

ፀሐይቱ ቤቷ ውስጥ እንኳ መብራት ሲጠፋ ሻማ እስኪለኮስ ከወንበሯ የማትነሣ ሴት ናት። የወልዱን ጋቢ ከኋላ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። እሱ ግን ቀለል አለው። እዚያ ውስጥ ማንም ከማንም አይሻልም። በመዳፉ ግድግዳው ላይ ያለውን የመሮ ምት እየዳበሰ ረጋ ብሎ ተራመደ።

"አይዞሽ፣ እኔን ያዢ" አላት።

"ወልዱ" አለች ቀስ ብላ፣ "የዓይንህን ነገር ከክረምት ጀምሮ አውቄያለሁ።"

እጁ ግድግዳው ላይ ቆመ።

"ሻዩን ከስኒው ውጪ ስትቀዳ አይቼሃለሁ። ሳሎን ያለውን ጠረጴዛ ወደ ጥግ የገፋሁት እንዳትጋጭ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ዝም ስላልክ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅኩህ። ብቻዬን ማልቀስ ደከመኝ።"

ለቅሶ እንዳይመጣ ሲሸሽ የከረመው ሰው፣ ሚስቱን ብቻዋን ሲያስለቅሳት እንደከረመ ያኔ ገባው። ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ይህ ከበደው። ጋቢውን የያዘውን እጇን ፈልጎ አገኘና በእጁ አደረገው።

"ለሉሊ አትንገሪያት" አላት ብርሃን ብቅ ሲል።

"እኔ አልነግራትም" አለች። "የምትነግራት አንተ ነህ።"

የገና ዕለት ጠዋት ቤተ ማርያም ዙሪያ መላወሻ አልነበረም። ካህናቱ ግማሾቹ አፋፉ ላይ ተደርድረው፣ ግማሾቹ ታች ግቢው ውስጥ ሆነው "ቤዛ ኩሉ" እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ከላይ ይላሉ፣ ከታች ይመልሳሉ። ወልዱ በቀዳዳው ጥቂት ካህናት ብቻ አየ፤ አንድ ላይ ዝቅ ይላሉ፣ አንድ ላይ ቀና ይላሉ። እንዲህ ያለ ውበት በዕድሜው አላየም። ዝማሬው ግን ከዙሪያው ሁሉ ይመጣል፣ የሚያየው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቁራጭ ነበር። ቀሪውን ማየት አማረው። እንዳማረው ሊቀር ይችል ነበር።

"ሉሊ፣ ነይ በግራዬ ቁሚ" አለ። "በዚህ በኩል አላይም።"

"ሰው ጋረደህ?"

"ሰው አልጋረደኝም። ዓይኔ ነው። ቆይቷል። ሌላውን ኋላ አወራሻለሁ፣ አሁን በዚህ በኩል ያሉትን ንገሪኝ።"

ሉሊ በግራው መጥታ ፊቱን ፊቱን አየችው። ክንዷ ላይ ያለችው አርያም ግን የተጠየቀውን ለመመለስ አልዘገየችም።

"በጣም ብዙ ናቸው፣ አባባ። እስከዚያ ጫፍ ድረስ። ከበሮ የያዘው ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኗል። ደግሞ አንዱ ሁሉም ዝቅ ሲሉ እሱ ቀና ይላል።"

"የቱ ጋ?"

"ከግራ መጨረሻ።"

ወልዱ ወደዚያው ዞሮ ሳቀ። ሉሊ ክንዱን አጥብቃ ያዘችና ካህናቱ የያዟቸውን ጥላዎች ቀለም አንድ በአንድ ትነግረው ጀመር። ፀሐይቱ አጠገባቸው ቆማ በግልጽ ታለቅሳለች። ወልዱም ተይ አላላትም።